ገበታ የለየው ፖለቲካ



ዛሬ የምናገረው ስለምንኖርባት ከተማ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ሰው ከማን ጋር ይበላል? ማንን ቤቱ ይጠራል? ልጁን ለማን ይድራል? ይህን ሁሉ የፖለቲካ ወገን እንዴት እየወሰነው መጣ? መጀመሪያ አሜሪካኖቹን እናያለን፤ ከዚያ ወደ ራሳችን፣ ወደ ኢትዮጵያውያኑ፣ እንመጣለን። ዓመተ ምሕረት ስጠራ እዚህ አገር በምንጠቀምበት አቆጣጠር ነው።

የዋሽንግተን ዋና እንጀራዋ መንግሥት ነው። ፕሬዚዳንት በተለወጠ ቁጥር 4,000 ገደማ የሹመት ቦታ ሰው ይለወጥበታል። ከተሿሚው ጋር ረዳቱ ይመጣል፤ ከረዳቱ ጋር የምርጫ ዘመቻው ልጆች ይመጣሉ። የወረዱት ደግሞ ተራቸው እስኪመለስ ወደ ጥናት ተቋማት፣ ወደ ሎቢ ቢሮዎች፣ ወደ ጥብቅና ድርጅቶች ይበተናሉ። ስለዚህ እዚህ ከተማ ሰው ሲተዋወቅ ከስም ቀጥሎ «የት ነው የምትሠራው?» ይባላል። መልሱ ውስጥ ፓርቲው አለ። ሌላ ከተማ ሰው የሥራ ቦታውን ሲነግራችሁ ሙያውን አወቃችሁ ማለት ነው፤ እዚህ ግን ገና እጅ ሳይላቀቅ የማን ወገን እንደሆነ ታውቋል።

እንዲህም ሆኖ ሁለቱ ፓርቲዎች በአንድ ገበታ የሚቀመጡበት ዘመን ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጆርጅታውን ውስጥ ቅርብ ለቅርብ የሚኖሩ ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ፤ ዓምደኛው ጆሴፍ አልሶፕ፣ የዋሽንግተን ፖስት ባለቤቶች ፊሊፕና ካትሪን ግራሃም፣ የሲአይኤው ፍራንክ ዊዝነር፣ ሌሎችም። እሑድ ማታ ራት ይጠራራሉ። ሚኒስትሩ ከጋዜጠኛው ጎን፣ ዴሞክራቱ ከሪፐብሊካኑ ጎን ይቀመጣል። ጆን ኬኔዲ በጃንዋሪ 1961 ቃለ መሐላ በፈጸመበት ሌሊት፣ የበዓሉ ዳንስ ካለቀ በኋላ ጎራ ያለው እዚያው አልሶፕ ቤት ነበር። በ1980 መጨረሻ ደግሞ ሮናልድ ሬገን ተመርጦ ገና ሥልጣን ሳይረከብ ካትሪን ግራሃም ቤት ራት በላ። የእሷ ጋዜጣ የዋተርጌትን ጉድ ያወጣ ጋዜጣ ነው፤ ያ ጉድ የሬገን ፓርቲ ሰው የነበረውን ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ካስለቀቀ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር። ሬገን ግን ሄደ፤ እሷም በክብር ተቀበለችው።

ይህን የምናገረው ያንን ዘመን ለማሞገስ አይደለም። በአልሶፕ ገበታ ራት ሲያልቅ ሴቶቹ ተነሥተው ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳሉ፤ ቁም ነገሩን ወንዶቹ ለብቻቸው ያወራሉ። ካትሪን ግራሃም አንድ ማታ «አልነሣም» እስክትል ድረስ ይህ ልማድ እንደቀጠለ ነበር። የከተማዋ ምሁራንና ሹማምንት የሚሰበሰቡበት ኮስሞስ ክለብ በ1962 ካርል ሮዋንን አልቀበልም አለ። ሮዋን በኬኔዲ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባለሥልጣንና የታወቀ ጋዜጠኛ ነበር፤ ጥፋቱ ጥቁር መሆኑ ነው። ያው ክለብ ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው በ1988 ነው። የከተማዋ ጥቁር ሕዝብ የራሱን ሕይወት የሚመራው ዩ ስትሪት ላይ ነበር። እንግዲህ ሁለቱ ፓርቲዎች አብረው የበሉት ሌላውን ሕዝብ ሁሉ ከበር መልሰው ነው። ይህን ሳይናገር «የድሮ ዋሽንግተን ፍቅር ነበረበት» የሚል ሰው የታሪኩን ግማሽ ደብቋል።

ሆኖም ከዚያ ዘመን የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ የዛሬው ንግግሬ ሁሉ የሚዞረውም በእሱ ዙሪያ ነው። እነዚያ ሰዎች የተዋደዱት ጎረቤት ስለነበሩ ነው። የምክር ቤት አባሉ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ዋሽንግተን ይገባል። ልጆቹ ከተቃዋሚው ልጆች ጋር አንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ። ሚስቶቹ በወላጆች ስብሰባ ይተዋወቃሉ። እሑድ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። አንዱ የሌላውን ልደት፣ የሌላውን በሽታ፣ የሌላውን ሐዘን ያውቃል። ማክሰኞ በሸንጎ ሲሟገተው የሚሟገተው ልጁን ከሚያውቅለት ሰው ጋር ነው። ሬገን በማርች 1981 በጥይት ተመትቶ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ቀድመው ከጠየቁት ሰዎች አንዱ ዋና ተቃዋሚው፣ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ቲፕ ኦኒል ነበር። አልጋው ሥር ተንበርክኮ ጸለየለት፤ ግንባሩንም ሳመው። በበጀት ጉዳይ ግን ከዚያ በኋላም አልተራሩም።

ይህ ኑሮ የፈረሰው በሂደት ነው፤ አውሮፕላኑ ረከሰ፣ የከተማው ቤት ተወደደ። ትልቁ እርምጃ ግን በ1995 መጣ። ሪፐብሊካኖች የተወካዮችን ምክር ቤት ሲይዙ አዲሱ አፈ ጉባኤ ኒውት ጊንግሪች የሥራ ሳምንቱን ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ አሳጠረው፤ አዲሶቹን አባላትም ቤተሰባችሁን ይዛችሁ አትምጡ፣ ከመራጮቻችሁ አትራቁ አላቸው። ሐሳቡ ሲሰሙት መልካም ነው፤ ተወካይ ከወከለው ሕዝብ ጋር ይኑር ማለት ነው። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ከተማዋ የሥራ ቦታ ብቻ ሆነች፤ የመኖሪያ ቦታ መሆኗ ቀረ። «ዋሽንግተን ገብቶ ቀረ» የሚለውም በምርጫ ዘመቻ የሚወረወር ስድብ ሆነ። ሌላው ቀርቶ ፖል ራያን አፈ ጉባኤ ከሆነ በኋላም የሚያድረው ቢሮው ውስጥ ነበር።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ታክሲ የምትነዱ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሐሙስ ከሰዓት ከካፒቶል ወደ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ የሚጫነው ሰው ማን ነው? ሻንጣውን ጠዋት ቢሮ ይዞ የገባ፣ የመጨረሻውን ድምፅ ሰጥቶ በሩጫ የወጣ፣ መኪናው ውስጥ ስልኩን ከጆሮው የማያነሣ የምክር ቤት አባል ነው። ሰኞ ማታ ወይም ማክሰኞ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሰው መቼ ጎረቤት ያፈራል? የሌላውን ፓርቲ ሰው የሚያውቀው በቴሌቪዥን ሲጮህ ነው።

የዚህን ተቃራኒ ማየት የፈለገ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ይመልከት። ዳኞቹ አንቶኒን ስካሊያና ሩት ቤደር ጊንስበርግ በሕግ አተረጓጎም ሰማይና ምድር ነበሩ። ነገር ግን ሁለቱም ዕድሜ ልክ የተሾሙ፣ ሁለቱም እዚሁ የሚኖሩ፣ በአንድ ሕንፃ የሚውሉ ነበሩ። ኦፔራ አብረው ይገቡ ነበር። የአዲስ ዓመት ዋዜማን ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ገበታ ያሳልፉ ነበር፤ ስካሊያ አድኖ ያመጣውን ሥጋ የጊንስበርግ ባል ማርቲን ይሠራው ነበር። አንዳቸውም ሐሳባቸውን አልለወጡም። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ለመብረር የሚሮጡ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ያ ገበታ አይኖርም ነበር።

ወጣቶቹ ዘንድ ነገሩ ይብሳል። በ2020 ምርጫ ከዋሽንግተን መራጮች ከመቶ 92 ያህሉ ባይደንን፣ 5 ያህሉ ትራምፕን መረጡ። እንዲህ ባለ ከተማ ሃያ አራት ዓመት የሆነው የሪፐብሊካን ቢሮ ሠራተኛ ጓደኛ ከየት ያገኛል? በመጀመሪያው የትራምፕ ዘመን ብዙዎቹ ኔቪ ያርድ አካባቢ ተሰበሰቡ፤ ሌሎቹ ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያ ገቡ። የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ ገጾች ላይ «ትራምፕን የመረጠ አይጻፍልኝ» የሚል ማስታወቂያ የተለመደ ሆነ። በጁን 2018 የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሯ ኪርስተን ኒልሰን ከነጩ ቤት ብዙ በማይርቅ ምግብ ቤት ራት ሲበሉ ተቃዋሚዎች ከበው ጮኹባቸው። የተቃወሙት ልጆች በድንበር ላይ ከወላጆቻቸው መለየታቸውን ነው፤ ቁጣው እውነተኛ ነው፣ እኔም ያንን ፖሊሲ ግፍ እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ከዚያ መንግሥት ሰዎች ብዙዎቹ የራሳቸው ወገን በሚበላበት ብቻ መብላት ጀመሩ። ፔንሲልቬኒያ ጎዳና ላይ የነበረው የትራምፕ ሆቴል እስከተሸጠበት እስከ 2022 ድረስ የወገኑ ሳሎን ሆኖ ነበር።

ሌላ ቁጥር ልጨምር። በ1960 አሜሪካውያን «ልጅህ የሌላውን ፓርቲ ሰው ቢያገባ ቅር ይልሃል?» ተብለው ሲጠየቁ አዎ ያሉት ከመቶ 5 ገደማ ነበሩ። በ2010 ግን ከሪፐብሊካኖቹ ግማሽ ያህሉ፣ ከዴሞክራቶቹ ሲሶው አዎ አሉ። በዚያው ግማሽ ምዕተ ዓመት ነጭና ጥቁር መጋባት በብዙ ክፍለ ሀገሮች በሕግ ከተከለከለ ነገር ወደ ተለመደ ነገር ተሸጋግሯል። ሰው ዘርን መሻገር ሲለምድ ፓርቲን መሻገር አቃተው።

አሁን ወደ ራሳችን።

እኛ ወደዚህ ከተማ የመጣነው ተከፋፍለን ነው። በ1971 ሎስ አንጀለስ በተደረገው ጉባኤ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር በብሔር ጥያቄ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሁለቱ ተቀናቃኝ የግራ ፓርቲዎች፣ ኢሕአፓና መኢሶን፣ አገር ቤት ተጋደሉ። ከቀይ ሽብር የተረፈው በሱዳን በኩል ወጣ፤ የ1980ው የስደተኞች ሕግ በሩን ሲከፍትለት እዚህ ገባ። አዳምስ ሞርጋን ውስጥ በአንድ ሕንፃ የኢሕአፓው ሦስተኛ ፎቅ፣ የመኢሶኑ አራተኛ ፎቅ፣ የወግ አጥባቂው ኢዲዩ ሰው ምድር ቤት ይኖር ነበር። ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ በአንድ ፈረቃ መኪና ያቆማሉ። አዲስ አበባ ላይ ሲተዳደኑ የነበሩ ሰዎች እዚህ አንድ ኩሽና ውስጥ ሳህን አጠቡ።

ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም። አንዳንዶቹ ግን አንዱ ለሌላው ልጅ የክርስትና አባት ሆነ። ልዩነቱ ከየት መጣ ብዬ የሚያውቁኝን አባቶችና እናቶች ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ ከአንድ ተግባር ይጀምራል፤ አንዱ ሌሊት ታምሞ ሌላው ሆስፒታል ወስዶት ነበር፣ የአንዱ እናት ሞታ ሌላው መርዶውን ነግሮት ነበር። ስለዚያ ትውልድ ፖለቲካ ተከራክረው የታረቁ አላገኘሁም። ክርክሩን እንደያዙ ነው የተወዳጁት።

ከ1991 በኋላ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ተከፈለ። ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ወርደው ተሰደዱ፣ በ1992 አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ፤ በስደት ያሉት አባቶች የራሳቸውን ሲኖዶስ አቆሙ። እዚህ ከተማ «አገር ቤት» የሚባል፣ «ስደተኛ» የሚባል፣ ከሁለቱም አይደለሁም የሚል «ገለልተኛ» ቤተ ክርስቲያን ተፈጠረ። ሰው ልጁን የት ክርስትና እንዳስነሣ ሲናገር ስለ መንግሥት ያለውን አቋም እንደተናገረ ተቆጠረ። እርቁ የወረደው እዚሁ ዋሽንግተን፣ በጁላይ 2018 ነው፤ አቡነ መርቆሬዎስም ሃያ ስድስት ዓመት ያህል ርቀው ከቆዩባት አገራቸው ገቡ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስንት ሰው የጓደኛውን ልጅ ክርስትና ሳይሄድ ቀረ!

ኳሱም አልተረፈም። በ1984 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በዓመት አንድ ጊዜ ሁላችንንም የሚያገናኝ ነበር። ሰው ለኳሱ ሳይሆን የክፍል ጓደኛውን ለማግኘት ነው የሚሄደው። ማን የክብር እንግዳ ይሁን፣ ከማን ገንዘብ ይወሰድ በሚል መሪዎቹ ተጣልተው ለሁለት ተከፈሉና በ2012 በአንድ የጁላይ ሳምንት አንደኛው ዳላስ፣ ሁለተኛው እዚሁ አርኤፍኬ ስታዲየም አዘጋጀ። የሠፈሬ ልጆች ግማሾቹ በረሩ፣ ግማሾቹ ቀሩ። የት እንደሄድክ መጠየቅ ራሱ ምርመራ ሆነ።

በ2018 ክረምት የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሲመጡ በከተማዋ የስብሰባ አዳራሽ ዙሪያ ከንጋት ጀምሮ የተሰለፈውን ሕዝብ ታስታውሳላችሁ። ትግርኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ የሚናገረው አንድ ሰልፍ ላይ ነበር። በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት ተጀመረ። ያ ሕዝብ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሕንፃ ፊት ለፊት በተለያየ ቀን፣ አንዳንዴም በአንድ ቀን፣ የተለያየ ባንዲራ ይዞ ቆመ። እቁብ ፈረሰ። ለዓመታት አብረው ጽዋ የጠጡ የማኅበር አባላት ተለያዩ። ሰው የሚዜውን ስልክ ብሎክ አደረገ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በኖቬምበር 2022 ተፈረመ፤ ብሎኩን ያነሣ ግን ጥቂት ነው።

በዚያ ሰሞን ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። የሞቱት እናት አዛውንት ነበሩ፤ በልጃቸው ቤት ነው ያረፉት። ሳሎኑ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ተጣጣፊ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ፍራሽ ወለሉ ላይ ተነጥፏል፤ ማእዘኑ ላይ የታሸገ ውኃ ተቆልሏል፤ ንፍሮ በትሪ ይዞራል። ውኃ የሚያድለው ሰው በጦርነቱ ጉዳይ ከሟቿ ልጅ ጋር በአደባባይ የተሰዳደበ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በላይ አልተነጋገሩም። ማንም አልጠራውም። ሰማ፣ መጣ፣ ሥራ ያዘ። ባለ ሐዘኑ ጋ ሲደርስ ጠርሙሱን ከፍቶ ሰጠው፤ ያኛውም ተቀበለና «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ማታ ወንበሮቹን ወደ መኪና ሲጭኑ አብረው ነበሩ። ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል አልተነጋገሩም፤ ከዚያ ወዲህም እንደተነጋገሩ አልሰማሁም። ሰላምታ ግን ተመልሷል።

ሰርግ ላይ ይህ ሊሆን አይችልም፤ ሰርግ ጥሪ ነው፣ ዝርዝር ተይዞ ስም ይሰረዛል። ለቅሶ የሚጠራ የለም፤ የሰማ ይደርሳል። የምክር ቤቱ አባላት ያጡት ይህን ዓይነቱን ቦታ ነው፤ አጠገብህ ማን እንደሚቀመጥ አንተ የማትመርጥበትን ቦታ። ትምህርት ቤቱ፣ ሠፈሩ፣ የወላጆች ስብሰባ እንዲህ ያሉ ነበሩ። እኛ ደግሞ እድር ነበረን። አዲስ አበባ ውስጥ እድር የሚጠይቅህ ሠፈርህን ነው፤ ድንኳኑ ለባለሥልጣኑም ለእስረኛው ቤተሰብም ያው ነው። እዚህ አገር ግን የጋራ ሠፈር የለንም። አንዱ አሌክሳንድሪያ፣ ሌላው ዉድብሪጅ፣ ሦስተኛው ጀርመንታውን ነው። ጎረቤትነት ሲቀር ቦታውን የሚሞላው ወገን ነው።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን እፈልጋለሁ። ትግራይ ውስጥም፣ አማራ ውስጥም፣ አፋር ውስጥም፣ ወለጋም ውስጥ ቤተሰቡ ያለቀበት ሰው እዚህ ከተማ አለ። ያ ሰው በሐዘኑ ጊዜ በፌስቡክ ደስታውን የጻፈ ጓደኛ ነበረው። ለዚህ ሰው «አብረህ ብላ» የምልበት አፍ የለኝም። ሸሽቶ መቀመጥ መብቱ ነው፤ ይቅርታ የሚጠየቅ እሱ ነው። እኔ የምናገረው ለቀረነው ነው። ማንም ሳይሞትብን በሌላ ሰው ሐዘን ስም ወዳጅ የቆረጥን ብዙ ነን፤ ከተማውን የለየው የእኛ ቁጥር ነው።

የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤቶቻችን አንድ ተስፋ ናቸው። ልጁ ክፍል ሲገባ ወላጁ ሁለት ሰዓት ኮሪደር ላይ ይቀመጣል፤ አጠገቡ ማን እንዳለ አልመረጠም። ስለዚህ በወገን እየተለዩ ሁለተኛና ሦስተኛ ትምህርት ቤት ለመክፈት የሚታሰበውን ነገር ተዉት ብዬ እለምናለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ለቅሶው ነው። የሰማ ይደርሳል ብያለሁ፤ አሁን ግን ሰው የሚሰማው በዋትስአፕና በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ግሩፖቹ በጦርነቱ ጊዜ ተከፍለዋል። ከግሩፑ የወጣ ሰው ሞት አይነገረውም። ባለፈው ዓመት የድሮ ወዳጃቸው ካረፈ በኋላ በአርባው የሰሙ አባት አውቃለሁ፤ ቢሰሙ ኖሮ ቀብር ላይ ይቆሙ እንደነበር በእንባ ነው የነገሩኝ። ማንም ሊያገልላቸው አላሰበም። መርዶው እሳቸው በሌሉበት ግሩፕ ተለጠፈ፣ በቃ። እንዲህ ከቀጠለ ለቅሶም እንደ ሰርግ በዝርዝር የሚገባ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ሥራ ይዤ መጥቻለሁ። ሁላችንም፣ የማንም ወገን ብንሆን፣ እንጀራ እንገዛለን። የሟች ስም፣ የለቅሶው ቤት አድራሻ፣ የቀብሩ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት በየእንጀራ መሸጫው፣ በየሥጋ ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ በር ይለጠፍ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ተራ የሚጠበቅበት ቦታም ይለጠፍ። ማተሚያውን እኔ እችላለሁ። ሱቅ ያላችሁ፣ ወይም በየሠፈራችሁ ወረቀቱን ለማዳረስ የምትችሉ፣ ስንጨርስ በዚህ በኩል ባለው ጠረጴዛ ስልካችሁን ጻፉልኝ።